ወገቤ ታሞ አያውቅም

እህቶቼ፣ ጌታ ይባረክ። ዛሬ የእኛ የሴቶች ጉባኤ ስለሆነ ደፍሬ ቆሜያለሁ። እሱ ያደረገልኝን ሳልናገር ብቀመጥ ውስጤ አያርፍም።

አብዛኞቻችሁ ለወገቤ ጸልያችኋል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ወገቤ ታሞ አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው የወር አበባዬ ከቆመ በኋላ ነው። ከባለቤቴ ከታደለ ጋር ስንሆን ያቃጥለኛል፣ ያመኛል፤ ፍላጎቱም ጠፋ። ይሄ ለማን ይነገራል? ታደለን «ወገቤን» አልኩት። ምስኪን፣ አመነኝ። ከጀሞ ገበያ ስንመለስ ዘንቢሉን እሱ ይሸከማል፣ ጠንከር ያለ ፍራሽም ገዛልኝ። በመጨረሻ «እንዳላሳምምሽ» ብሎ ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ጀመረ። በአንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤታሞች ሆንን። ስንት ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው «ደህና እደሪ» ብሎኝ በሩን ሲዘጋ እንቅልፍ እምቢ ይለኝ ነበር።

አንድ እሁድ እዚሁ እጃችሁን ጭናችሁ ጸለያችሁልኝ። አገልጋዩ «ወገብሽ ተፈውሷል፣ እስቲ ጎንበስ በይ» አለኝ። ጎንበስ አልኩ፣ ምን ላድርግ። ሁላችሁም እልል አላችሁ፤ ታደለማ ከሁሉም በላይ። ቤት እንደገባን ትራሱን ከሶፋው አንስቶ፣ ፈገግ እያለ ወደ መኝታ ቤት ገባ።

ሳቁ፣ አሁን እኔም እስቃለሁ። ያን ቀን ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲጨርስ «እኔኮ የሰለቸሁሽ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ለካ እሱም ሲጨነቅ ነው የከረመው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ለሌላ ሰው የተባለ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ራሱ መካኒሳ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደኝ። ሐኪሟ ልጄ የምትሆን ናት። መረመረችኝና «እናቴ፣ የወር አበባ ሲቆም ሆርሞን ይቀንሳል፤ ቦታው ይደርቃል፣ ይሳሳል። ብዙ ሴቶች ላይ ይደርሳል፣ መድኃኒትም አለው» አለችኝ።

«በዚህ ዕድሜዬ ቢቀርብኝስ?» አልኳት።

«እሳቸውስ ምን ይላሉ?» ብላ ወደ ታደለ ዞረች። ታደለ ጣራ ጣራውን አየ።

ወደ ውስጥ የሚደረግ ክሬምና ለግንኙነት ጊዜ የሚሆን ማለስለሻ አዘዘችልኝ። «አትቸኩሉ» አለችን። «ከቆመ በኋላ ደም ካዩ ግን፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ» ብላ አስጠነቀቀችኝ።

ሃሌ ሉያ፣ ቀስ በቀስ ተሻለኝ። የሃያ ዓመት ልጅ ሆንኩ አልላችሁም፤ አንዳንድ ቀን መተቃቀፉ ብቻ ይበቃናል። ሕመሙ ግን ሄዷል፣ ሳቃችንም ተመልሷል። ሶፋው ላይ አሁን እንግዳ ብቻ ነው የሚቀመጥበት። ክሬሙንም ሐኪሟንም ያዘጋጀልኝ ጌታ ነው፣ ስሙ ይክበር።

እህቶቼ፣ ጌታ የማያውቀው የሰውነት ክፍል የለንም። ፊቱ ስትቀርቡ ያመማችሁን በስሙ ጥሩት፤ እመኑት። ለባሎቻችሁ ንገሩ፣ ሐኪም ጋም ሂዱ። ካፈራችሁ ደግሞ ከጉባኤው በኋላ እኔ ጋ ኑ። «ወገቤን» ብትሉኝም ይገባኛል።