ቀኝ እግሬና ጫማ ሰፊው ሙሴ

መጀመሪያ የጠፋኝ ሕመም ነው። ዘንገና ካለው ቤቴ፣ ምድጃ ዳር ተቀምጬ ሳለሁ ሚስቴ ጮኸች። ፍም ቀኝ እግሬን እየጠበሰው ነበር። ሽታው እንጂ ቃጠሎው አልተሰማኝም።

ጊዜው የአምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ጠበል ከረምኩ፤ ባይሻለኝ በበቅሎ ዳንግላ፣ አንድ የውጭ ሚሲዮን ክሊኒክ ወሰዱኝ። ሐኪሙ እግሬን በላባ ነካካና፣ “ሥጋ ደዌ ነው” አለኝ። “ዳፕሶን የሚባል ኪኒን ትውጣለህ፤ በሽታው ይቆማል። የሞተው ነርቭ ግን አይመለስም። እግርህን ከቁስል ካልጠበቅህ ታጣዋለህ።”

እግሬን እንዲጠብቅልኝ የተሰጠሁት ለሙሴ ነው። ያኔ ፈረንጁን ሁሉ ሙሴ እንል ነበር። ይህኛው በአገሩ ጫማ ሰፊ ነበር፤ በእጄ ሙያ ክርስቶስን ላገልግል ብሎ፣ ሱቁን ዘግቶ ባሕር ተሻግሮ ሚሲዮናዊ ሆነ። እኔ ደግሞ የባለ ርስት ልጅ፣ ያውም ፈረሰኛ! በእኛ ዘንድ ቆዳ የሚሠራ ፋቂ ይባላል፤ ይናቃል። “እኛ ከጥንትም ክርስቲያን ነን፤ ደግሞ ፋቂ ሊሰብከን?” ብዬ ተሳለቅሁበት። እሱ ተንበርክኮ እግሬን አጠበ፣ ለካ፣ ሶሉን ከመኪና ጎማ ቆርጦ ለስላሳ ጫማ ሰፋልኝ።

“አቶ ፈንታ፣ አታውልቅ” አለኝ በተሰባበረ አማርኛው።

አወለቅሁት። አይ እኔ! የጥር ጊዮርጊስ ጉግስ ደረሰ። የእኛ እርካብ በባዶ እግር፣ በአውራ ጣት የሚያዝ ነው፤ ጫማ አይገባበትም። ደግሞስ የፋቂ ሥራ አጥልቄ በአገሬው ፊት ልታይ? ቀኑን ሙሉ ጋለብኩ። ስወርድ እርካቡ ደም ብቻ ነው። አላመመኝም።

ቁስሉን ደበቅሁት። ሸተተ። ጠቆረ።

“ጋንግሪን ነው” አለ ሐኪሙ። “ካልተቆረጠ ትሞታለህ።”

ተቆረጠ። አለቀስኩ። ሙሴም አለቀሰ፤ አንድ ቃል አልወቀሰኝም።

ቁስሉ እስኪጠግግ ወራት ፈጀ፤ ሥራ ፈትቼ ከሙሴ አጠገብ እየተቀመጥኩ ክር መያዝ፣ ቆዳ መወጠር፣ ኋላም ወስፌ መጨበጥ ጀመርኩ፤ ለግራ እግሬም አዲስ ጫማ አብረን ሰፋን። ይቅርታ ልጠይቀው በየቀኑ አስብና ኩራቴ ይይዘኛል። አንድ ሳምንት የበሽተኞች እግር ሊለካ ጫግኒ ወረደ። እየተንቀጠቀጠ ተመለሰ። ወባ ነበር። ጭንቅላቱ ላይ ወጣበት። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ዳንግላ ቀበርነው።

ከቀብሩ በኋላ በሽተኞች ጫማቸው ባለቀ ቁጥር ክሊኒኩ ደጅ እየመጡ ሙሴን ይጠይቁ ነበርና፣ ዝም ብሎ ማየት ቢያቅተኝ ወስፌውን አነሣሁ። ለደዌዬ ያልሸሸኝ ታላቅ ወንድሜ ለዚህ ሸሸኝ። “ደዌውስ የእግዜር ነው፤ ፋቂነቱን ግን አንተው አመጣኸው” አለኝ። ቤቱ ዳግመኛ አልጠራኝም። ከፍቶኛል፤ አልዋሽም።

ይህ ሕመም የጀመራችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ኪኒኑን አታቋርጡ። እግራችሁን አያማችሁምና በየቀኑ በዓይናችሁ እዩት፤ የቆሰለ ቀን ለሐኪም አሳዩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ሙሴን እግዜር በቀኙ ያቁምልኝ፤ ግራ እግሬን ያተረፈልኝ እሱ ነው። ይቅር በለኝ ሳልለው መሞቱ ግን ይኸው እስከ ሽምግልናዬ ያንገበግበኛል። ይቅርታ የምትጠይቁት ሰው ካላችሁ፣ በሕይወት ሳለ ሂዱ።