በሸራ ጫማው ውስጥ የቀረው ፊልም

ጃፓን ሳለሁ ጠዋት ጠዋት ከማደሪያዬ ወጥቼ በወንዙ ዳር እሮጥ ነበር። የስልክ መሥመር ቴክኒሻን ነበርኩ፤ ለሥልጠና የላከኝ መሥሪያ ቤቴ ነው። ያረፍኩባት ከተማ ትንሽ ናት። እኔን የመሰለ ሰው አይተው ስለማያውቁ፣ በመጀመሪያው ሰሞን ውሻቸውን ይዘው የሚንሸራሸሩ ሽማግሌዎች ቆም ብለው እጅ ይነሱኝ ነበር። ከየት እንደመጣሁ ከሰሙ በኋላ ግን ወሬያቸው ሁሉ ማራቶን ሆነ። በአገራቸው ሮጦ ያሸነፈውን የእኛን ሰው የማያውቅ አልነበረም፤ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሯጭ ይመስላቸዋል። የማሠልጠኛው ሠራተኞች የሩጫ ቡድን ነበራቸውና፣ ትሮጣለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሳይኖር ማልያ ሰጡኝ።

ሯጩ ግን እኔ አልነበርኩም። ታላቅ ወንድሜ ነበር።

የካ ከሚገኘው ቤታችን ሽቅብ ወጥተን፣ በባሕር ዛፉ መሐል አድርገን እስከ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት እንሮጥ ነበር፤ እሱ፣ እኔና የሰፈራችን ልጆች። እየቻለ አይቀድመኝም። ከኋላዬ ግማሽ እርምጃ ያህል ቀረት ብሎ ይሮጥና፣ ዳገቱ ላይ ስደክም ወገቤን በመዳፉ ገፋ ያደርገኛል። ጃፓን በወንዙ ዳር ስሮጥ ያ መዳፍ ይሰማኝ ነበር። አገሩ ሜዳ ነው፤ መገፋት የሚያስፈልገኝ አልነበረም። ቢሆንም ይሰማኛል፤ ትንፋሹም ጭምር። ዞሬ አላይም ነበር። ብዞር ማንም እንደማይኖር አውቃለሁ፤ እያወቅኩም ዞሮ ማየቱ ያስፈራኝ ነበር።

ወንድሜ የኮሌጅ ተማሪ ነበር። ከአንድ ጓደኛው የገዛት አሮጌ ካሜራ ነበረችው። ስንሮጥ እንኳ ወገቡ ላይ በጨርቅ ጠፍሮ ያስራትና፣ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ስንቆም ፈትቶ ያነሳናል። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶችም ፈቃዳቸውን ጠይቆ ያነሳቸዋል። አንዳንዶቹ ሸክማቸውን እንደተሸከሙ ፀጉራቸውን ሲያስተካክሉ አስታውሳለሁ።

የቤት ለቤት ፍተሻ ይመጣል በተባለ ሰሞን እናቴ በቤቱ ያለውን ፎቶ ሁሉ ሰብስባ አቃጠለች። በዚያን ጊዜ አንድ ፎቶ ላይ ከማን ጋር እንደቆምክ ያስጠይቅ ነበር። ልጇን ማዳኗ ነበር። የልደቱ፣ ትምህርት ቤት የተነሳው፣ ከአባታችን ጋር የተነሳው፣ አንድም ሳይቀር እሳት ገባ። ፈታሾቹ ሲመጡ ግን ፎቶ አልጠየቁም። ወንድሜን ከቁርስ ላይ አስነስተው፣ ካሜራውንም ጨምረው ወሰዱት። ከሳምንታት በኋላ መሞቱን ሰማን። አስከሬኑ አልተሰጠንም። ማልቀስም ክልክል ነበር። እናቴ ነጠላዋን ሳታዘቀዝቅ፣ ጎረቤት ሳይመጣላት፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ገበያ እየሄደች ከረመች።

ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው አንድ ቀን የወንድሜን ሸራ ጫማ ለመልበስ እግሬን ስከት ጣቴን የሆነ ነገር የነካኝ። አውጥቼ ሳየው ተነስቶ ያለቀ ጥቅል ፊልም ነው። ፍተሻውን ፈርቶ ደብቆት ኖሯል። ለእናቴ አሳየኋት። ከእጄ ወሰደችው፤ ከዚያ ወዲያ የት እንዳስቀመጠችው አላውቅም። ፎቶ ቤት ወስዶ ማሳጠብ አይታሰብም፤ ከጓደኞቹ መካከል ያመለጡ ነበሩ፣ ፊታቸው እዚያ ላይ ይኖር ይሆናል። ፊልሙ እንደተደበቀ ዓመታት አለፉ።

ወደ ጃፓን ለመሄድ ሻንጣዬን ስሸክፍ እናቴ ገብታ ፊልሙን መዳፌ ላይ አኖረችው።

«እዚያ ፊታቸውን የሚያውቅ የለም» አለችኝ። «እሱን አምጣልኝ።»

እኔ ግን ጃፓን ደርሼም ወራት ሙሉ አልነካሁትም። እዚያ ፎቶ የማያነሳ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከአሠልጣኞቻችን አንዱ፣ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ሰው፣ የቤታቸውን መታጠቢያ ክፍል የፎቶ ማጠቢያ አድርገውት ነበር። እሑድ እሑድ ከእሳቸው ጋር በባቡር ወደ ተራራ እየሄድን እናነሳለን። እኔም ካሜራ ገዛሁ። ፊልም ማጠብ፣ ወረቀት ላይ ማውጣት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ደርድረው ሲያዩ ቆዩና፣ ለምን የሯጮችን ጀርባ ብቻ እንደማነሳ ጠየቁኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እኔም አላስተዋልኩትም ነበር። ፎቶው ሁሉ ጀርባ ነው፤ ሁሉም ቀጭን፣ ረዘም ያለ ወጣት።

ያን ዕለት በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፊልም ሲቆይ ምስሉ እንደሚደክም፣ ምናልባትም ባዶ ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቁኝና፣ «እኔ ልጠበው ወይስ አንተ ታጥበዋለህ?» አሉኝ።

እኔው አጠብኩት። እሳቸው ከበሩ ውጪ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

አብዛኛው ጠቁሯል። የተረፉት ግን ወረቀቱ ላይ ቀስ እያሉ ወጡ። ባሕር ዛፍ። እንጨት የተሸከመች ሴት። ጉልበታቸውን ይዘው ቁና ቁና የሚተነፍሱ የሰፈራችን ልጆች፤ ከእነሱ መካከል ያኔ በሕይወት ያለ መኖሩን አላውቅም ነበር። እኔ አፌን ከፍቼ። በመጨረሻም እናቴ፣ የቤታችን በር ላይ፣ አታንሳኝ ለማለት አንድ እጇን ዘርግታ ከት ብላ ስትስቅ። እንዲያ ስትስቅ ያየሁበትን ጊዜ ረስቼው ነበር።

ወንድሜ የለም። ደጋግሜ አየሁ፤ አንዱም ላይ የለም።

ሰውየው ገብተው ፎቶዎቹን አዩና ወንድሜ የትኛው እንደሆነ ጠየቁኝ።

«ካሜራውን የያዘው ነው» አልኳቸው።

ሥልጠናዬን ጨርሼ ስመለስ እናቴ ገና ሻንጣዬ ሳይከፈት እጇን ዘረጋች። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያየች ወደ ጎን አደረገቻቸው። ልጆቹን ስታይ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የራሷ ላይ ስትደርስ ቆመች። ምን ብዬ እንደማጽናናት ጨንቆኝ፣ እሱ እንዳልወጣ፣ የተበላሸው ላይ ይሆናል ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። አልሰማችኝም።

«እንዲህ ያስቀኝ ነበር» አለች። «እየው፣ እሱን እያየሁ ነው።»

ፎቶዋን በትልቁ አሳጥባ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ወዲያ በዚያ ክፍል ውስጥ፣ በፎቶው ትይዩ፣ በሩ አጠገብ ወንበር እንድናስቀምጥ አትፈቅድም ነበር። እኛም እዚያ መቆም ተውን። ምክንያቱን የጠየቀ የለም። በዚያ በኩል ሳልፍ ትከሻዬን ሰብሰብ አድርጌ ነበር የማልፈው።

መንግሥት ተለውጦ ማልቀስ ሲፈቀድ እኛም ድንኳን ጣልን። በየልቅሶ ቤቱ የልጆቹ ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ነበር። እናቴ የራሷን የሳቅ ፎቶ አውርዳ አስቀመጠች። ለቀስተኛው ግራ ተጋባ፤ ሐዘን አእምሮዋን ነክቶታል ብለው በሹክሹክታ ሲያወሩ ሰማሁ። አንዲት የሩቅ ዘመዳችን ቀረብ ብለው፣ «የልጁስ ፎቶ የታል?» አሏት።

እናቴ ቀና ብላ ያየችው ሴትዮዋን አልነበረም፤ ከኋላቸው ያለውን ባዶ ቦታ ነው።

«እሱ ከፎቶው ወዲህ ነው» አለች።

ሴትዮዋ ዞረው አዩ። እኔ አልዞርኩም።