ድሪሉ ገባ፣ እኔ ውጭ ቀረሁ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። በአናጢነት ብዙ ሥራ ሠርቻለሁ፤ ከሁሉም የምኮራበት ግን በዓይኔ አይቼው የማላውቀው ሥራ ነው። ለዚህ ነው የማልረሳው።

የምኖረው ንፋስ መውጫ ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ከስልክ ጋር የሚገናኝ የባትሪ ድሪል ልኮልኝ ነበር። የት እንዳስቀመጥኩት ቢጠፋኝ ስልኬ ላይ ያለው አፕ ያሳየኛል። ፍጥነቱንና ጉልበቱንም እንደ እንጨቱ ዓይነት እዚያው አስተካክላለሁ፤ ከወሰንኩለት በላይ ሲጨነቅ ራሱን ያቆማል። ጓደኞቼ «ከሚስትህ በላይ የምትከታተለው እሱን ነው» እያሉ ያሾፉብኛል። እውነት ለመናገር ጉራዬም በዝቶ ነበር።

አንድ ቀን በስማዳ በኩል ያለ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቄሰ ገበዝ፣ አባ ጥሩነህ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ሱቄ ድረስ መጡ። የመቅደሱ በር ማጠፊያ ተነቃቅሎ በሩ ሊወድቅ ደርሷል፤ ለንግሡ የቀረው ሦስት ቀን ነው። ዕቃዬን ይዤ አብሬያቸው ሄድኩ።

ስደርስ ነገሩ እንዳሰብኩት አልሆነም። ማጠፊያው የሚታሰረው ከውስጥ በኩል ነው። መቅደስ ደግሞ ከቄስና ከዲያቆን በቀር ማንም አይገባም። ከዚህ በፊት ካህናቱ ራሳቸው ገብተው ምስማር በመዶሻ ሲመቱ በሩ የሚታሰርበት መቃን ላይኛው ጫፍ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ትንሽ ከጨመረ መቃኑን ከግድግዳው መንቀል ግድ ነው። ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች የጥንት ሥዕል አለ፤ ጭቃው ሲፈርስ አብሮ ይረግፋል።

«እንግዲያ እኔው እገባለሁ፤ አንተ አሳየኝ» አሉ አባ።

ደነገጥኩ። ድሪል ነክተው አያውቁም። ግቢው ውስጥ ቁራጭ የዋንዛ እንጨት ሰጥቼ ብሎን ማስገባት አለማመድኳቸው። እርፍ እንደያዘ ገበሬ ሙሉ ክብደታቸውን ጣሉበትና እንጨቱ ለሁለት ተከፈለ። ስልኬን አውጥቼ ጉልበቱን ቀነስኩ። ሁለተኛውም ተሰነጠቀ። አሁንም ቀነስኩ፤ አነሳሱንም ቀስ እንዲል አደረግኩ። በሦስተኛው ብሎኑ ልክ ሲገባ ድሪሉ ቀጥ አለ።

«ምነው፣ ሰነፈ?» አሉኝ።

«አልሰነፈም አባ፤ በቃ ማለቱ ነው።»

«እንዲህ ከሆነስ ከሰው ይሻላል» ብለው ሳቁ።

ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ። እኔ ጫማዬን አውልቄ፣ ስልኬን ይዤ ከመጋረጃው ወዲህ ቆምኩ። አካባቢው ኔትወርክ የለውም፤ ድሪሉና ስልኩ ግን የሚነጋገሩት በብሉቱዝ ስለሆነ አላስቸገረንም። አባ መጀመሪያ በቀጭኑ መብሻ ቀዳዳዎቹን ከፈቱ፤ ከዚያ ወደ ብሎኑ አለፉ።

አንዱ ገባ፣ ሁለተኛው ገባ፣ ሦስተኛውም ገባ። «ገባ!» ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አራተኛው ላይ ድሪሉ ጮኸና ዝም አለ።

«ቆመ፤ ግማሹ ውጭ ነው» አሉ አባ።

ላብ አጠመቀኝ። ጉልበት ብጨምር መቃኑ ሊሰነጠቅ ነው፤ ብተወው በሩ አይሸከምም። የማየው ቢሆን ኖሮ መላ አላጣለትም ነበር። ከፊቴ ያሉት ግን ሥዕሎቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱም አፍጥጠው የሚያዩኝ መሰለኝ።

«አባ፣ ቢቀርብንስ?» አልኩ።

«ቆይ እንጂ ልጄ» አሉ። «አውራ ጣቴን ከብሎኑ አጠገብ አሳርፌዋለሁ። እንጨቱ ሊያብጥ ሲል ይታወቀኛል፤ ያን ጊዜ እለቀዋለሁ። አንተ ጥቂት ጨምርለት።»

ይህን እኔ አላስተማርኳቸውም፤ አፑም አያውቀውም። አንድ እርከን ብቻ ጨምሬ «ይሞክሩት» አልኳቸው። ድሪሉ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ አጉረመረመ፣ ቆመ። ለመጠየቅ እንኳ ፈራሁ።

«ገባ። እንጨቱም ደኅና ነው።»

እዚያው ቁጭ አልኩ። የቀሩት አራቱ ያለ ችግር ገቡ።

አባ ሲወጡ ድሪሉን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው አስረከቡኝ። የድሪሉን ነገር ያደንቃሉ ብዬ ስጠብቅ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «እግርህ ባይገባም እጅህ ገብቶ አገልግሏል» አሉኝ። እንባዬ መጣ፤ አላፍርበትም።

አፑ አዲስ የተስተካከለ ሴቲንግ ሲቀመጥ ስም ይጠይቃል። «አባ ጥሩነህ» ብዬ ጻፍኩለት። ድሪሌን ዛሬም እወደዋለሁ፤ ጉራዬ ግን ቀንሷል። ያረጀ እንጨት በገጠመኝ ቁጥር ስልኬ ላይ «አባ ጥሩነህ» የሚለውን እመርጥና አውራ ጣቴን ከብሎኑ አጠገብ አሳርፋለሁ።