ከጅጋ እስከ ቡሬ፣ የሕንድ ዱላ ለመማር

ዓርብ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ጅጋ

ጅጋ ያደረው የጭነት መኪና ገና ሳይነጋ ተነሣ። ጋቢና ውስጥ ነኝ፤ እግሬ ሥር የበርበሬ ጆንያ፣ ጭኔ ላይ የሰውነት ማጎልመሻ መጽሐፍ። ሾፌሩ ሥዕሉን አጮልቆ አየ።

«እሜቴ፣ እኒህ ሰዎች በዘነዘና ምን ይወቅጣሉ?»

«ዘነዘና አይደለም፣ የሕንድ ዱላ ነው። በሁለት እጅ ይዞ ማዞር ነው፤ ትከሻ ያጠነክራል።»

«ሥራ ፈተው ነዋ!»

እኔን ያስነሣኝ ግን ተማሪዬ ጥሩወርቅ ናት። አባቷ መሪጌታ ላቀው ልጃገረዶቹ በቁምጣ ሲሮጡ አይተው፣ «ባቷን ከምታሳይ የበቆሎ ማሳዬን ትጠብቅ» ብለው ከትምህርት ቤት አስቀሯት። ሌሎች አባቶችም የእሳቸውን እግር ሊከተሉ ነው። እኔ ራሴ ማሳ ስጠብቅ አድጌ ፊደል የቆጠርኩት ሙሉ ሴት ከሆንኩ በኋላ ነውና ዝም ማለት አልሆነልኝም። ልጃገረዶቹ በረጅም ቀሚስ፣ ባሉበት ቆመው የሚሠሩት እንቅስቃሴ ቡሬ ካሉ ሕንዳዊት መምህርት ተምሬ እመጣለሁ፣ ሰኞ አይተው ይፍረዱ ብዬ ለመንኳቸው። «እስቲ እናያለን» አሉ።

መጽሐፉን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ቀስቶቹ ወዴት እንደሚዞሩ አውቃለሁ፤ ክንዴ ግን አያውቅም።

ማለዳ፣ ፍኖተ ሰላም

ሻይና ዳቦ በስሙኒ። ከተማውን እንደለቀቅን ኑጉ ተቀበለን። ቢጫው ከመንገዱ ጠርዝ ተነሥቶ ሰማዩ ሥር ድረስ ይሄዳል።

ከሰዓት በኋላ፣ ቡሬ

ሕንዳዊቷ የሒሳብ መምህርት ሚስ ሱሳማ ቀጭን ሴት ናቸው። ሻንጣዬን ሳላሳርፍ ግቢያቸው መካከል ቆመው፣ አንገተ ቀጭን የዋንዛ ዱላዎቻቸውን አነሡ።

እንዴት ልጻፈው? መጀመሪያ ዱላዎቹ ታዩኝ፤ ከዚያ ጠፉና በቦታቸው ክቦች ብቻ ቀሩ፤ በትከሻቸው ላይ፣ ከጀርባቸው፣ ከአናታቸው በላይ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ። ድምፁ የንብ መንጋ ይመስላል። የሳሪያቸው ዘርፍ ግን ንቅንቅ አላለም። አፌን ከፍቼ ቆሜ ነበር ለካ።

ቅዳሜ፣ ቡሬ

ጠዋቱን ጉልበቴንና ጆሮዬን ስደበድብ አረፈድኩ።

«ትከሻሽ ተቆጥቷል» ይሉኛል ሚስ ሱሳማ በሚያውቋት አማርኛ። «ለምን? ዱላው ይሂድ። አንቺ ተከተይ።»

ከቀትር በኋላ ከአጥሩ ባሻገር ወንጭፍ ሲጮህ ሰማሁ። አንዲት ሴት ማማ ላይ ቆማ ወፍ ታባርራለች። የድንጋዩ ክብደት ክንዷን ይጎትታል፣ እሷ በእጅ አንጓዋ ብቻ ትመልሰዋለች። ይህንንማ አውቀዋለሁ! ዓይኔን ጨፍኜ ትከሻዬን ለቀቅ አደረግሁ። ዱላው በራሱ ወረደ፣ ከጀርባዬ ዞረ፣ ነፋስ ይዞ በጆሮዬ አጠገብ አለፈ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ዙር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም። ከአናቴ በላይ ሲደርስ ታዲያ ጣቶቼ እንደ ወንጭፍ ልማዳቸው ተከፈቱ።

ዱላው አጥሩን ተሻግሮ በረረ።

«ኧረ እመብርሃን!» ብላ ጮኸች ሴትዮዋ ከማማው ላይ። «ወፍ መሰልኩሽ እንዴ?»

ሚስ ሱሳማ በሳሪያቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። «በጣም ጥሩ! አሁን አትልቀቂ!»

እሑድን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጣቶቼን ጨብጦ መቆየት ሳስተምር ዋልኩ። ማታ ሚስ ሱሳማ ዱላዎቹን በነጠላዬ ጠቅልለው አዋሱኝ።

ሰኞ፣ ጅጋ

«እትዬ፣ ሙቀጫውን የት ጣልሽው?» እያሉ ተሳፋሪዎች መንገዱን ሁሉ ሲስቁብኝ መጣን።

መሪጌታ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ጭራቸውን ይዘው ትምህርት ቤቱ ግቢ ቆመዋል። ጥሩወርቅ ከኋላቸው፣ ወንጭፏ በአንገቷ። ልጃገረዶቹ ተሰልፈዋል። አቧራዬን ሳላራግፍ ዱላዎቹን አነሣሁ።

ወረዱ፣ ዞሩ፣ ያ የንብ ድምፅ መጣ። ከአናቴ በላይ ሲደርሱ ጣቶቼ ሊከፈቱ ቃጡ፤ ፊት ለፊቴ የመሪጌታ ነጭ ጥምጥም አለ። ጨበጥኩ። እንደ ጨበጥኩ አሳረፍኳቸው።

መሪጌታ ቀረብ ብለው አንዱን ዱላ ተቀበሉኝና በእጃቸው መዘኑት። ቀሚሴን፣ ከዚያም ቆሜ የነበርኩበትን መሬት አዩ።

«ታዲያ ምን ይላሉ መሪጌታ?»

«እኔማ ምን እላለሁ» አሉ ዱላውን እየመለሱልኝ። «ለወፉ ሌላ ጠባቂ ልፈልግ እንጂ።»

ጥሩወርቅ ወንጭፏን ከአንገቷ አውልቃ ለአባቷ ሰጠችና ወደ እኔ እጇን ዘረጋች።

«እንዳትለቂው» አልኳት፣ ገና ሳትይዘው።