ለማኑኤል እናት በተነሣሁ ቁጥር

ማለዳ፣ ካፔለ አን ደን አይሰል፣ ሆላንድ

ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጣን። ልጄ አስቴር አበባ ይዛለች፤ እኔ ሦስት የእስፓኝ ቃል ይዣለሁ። ሜትሮው ውስጥ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው የምጸልይ ሳይመስለው አልቀረም።

አስቴር ማኑኤል የሚባል የእስፓኝ ልጅ ልታገባ ትፈልጋለች። እናቱ ባል ሞቶባቸው፣ ቢሮ እያጸዱ ብቻቸውን ያሳደጉት ሴት ናቸው። «አባትየውን ሳላይ እሺ አልልም» ብለዋል። እንግዲህ የሚታየው እኔ ነኝ።

ረፋድ፣ ሮተርዳም

ጣቢያው ውስጥ ብርድ፣ የድንች ጥብስ ሽታ፣ ብስክሌት የሚገፋ ሰው።

«ሲተዋወቁ ምን ይላሉ?» አለችኝ።

«ሙቾ ጉስቶ።»

«ምግብ ሲሰጥዎትስ?»

«ግራስያስ። ሌላው ጠፋኝ።»

«አባዬ፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተና አስመሰሉት እኮ።»

«እሱንማ ብወድቅ በእግሬ እሄዳለሁ።»

ቀትር፣ ዘ ሄግ

ትራንስቫል የሚባለው ሰፈር ከትራም ወርደን በገበያው አለፍን፤ ዓሣ፣ ብርቱካን፣ ጥቅል ጨርቅ። የቤታቸው ደረጃ ቀጥ ያለ ነው። በሩን የከፈቱት አጠር ያሉ፣ ጥቁር የለበሱ ሴት ናቸው። «ሙቾ ጉስቶ» አልኩ። ፈገግ አሉ፤ ማኑኤልም ከኋላቸው ብቅ ብሎ አስገባን።

ዳቦ ይዘው ገቡ፤ ተነሣሁ። ሾርባ ይዘው ገቡ፤ ተነሣሁ። የቤት እመቤት ሲገቡ ቁጭ ብዬ ማየት አላደግኩበትም። ፊታቸው ግን እየጠቆረ ሄደ። በመጨረሻ ሳህኑን አስቀምጠው ወጡና ካፖርቴን ይዘውልኝ መጡ። ማኑኤል እናቱ ያሉትን በሆላንድኛ ለአስቴር ነገራት።

«አባዬ፣ ‹ለመሄድ ከቸኮሉ አልይዛቸውም› ነው የሚሉት።»

ደነገጥኩ። የቀሩኝም ቃላት ከአፌ ጠፉ።

«ንገሪያቸው» አልኩ፣ «በእኛ አገር የተከበረ ሰው ሲገባ ‹ኖር› ብለን እንነሣለን። የገባው ‹በእግዜር› ብሎ ያስቀምጠናል። ሳያስቀምጡኝ እንዴት ልቀመጥ?»

ነገሩ በሁለት ቋንቋ ዞሮ እስኪደርሳቸው ላብ አጠመቀኝ። ካፖርቴን ከእጄ ወስደው ሰቀሉት። በላን። ስለ ጋብቻው ትንፍሽ ያለ የለም፤ አስቴር እንጀራ እንደሚቆርስ ሰው ዳቦውን ትቆራርሳለች እንጂ አትጎርስም።

እጄን ታጥቤ ስመለስ ሴትዮዋ ወንበራቸውን ገፋ አድርገው ተነሡ። ማኑኤልንም በክርናቸው ጎሰሙት፤ ተነሣ።

«ኖር» አሉኝ።

«ግራስያስ» አልኩ። አልተቀመጡም። ለካ እኔን ነው የሚጠብቁት።

«በእግዜር» አልኳቸው፣ ወንበሩን በእጄ እያሳየሁ። ያን ጊዜ ተቀመጡና ልጃቸውን እያዩ ረዘም አድርገው ተናገሩ። ማኑኤል ሲተረጉምላት የአስቴር ዓይን እንባ ሞላ።

«ምን አሉ?»

«‹ለሠርጉ ለአባትሽ ወንበር አንከራይም፤ አይቀመጡበትም› ነው የሚሉት።»