ከሰማንያ በላይ ያለው አየር

በ2014 ዓ.ም.፣ በበጋው መጨረሻ ነው። ዐቢይ ጾም ከገባ ሦስተኛው ሳምንት ነበር። ልጄ ሞተሯን የቃኘቻት መኪና ከአባይ በረሃ በጭነት መኪና ተጭና ደብረ ማርቆስ የገባችው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ልጄ ደውላ የነገረችኝ ሁለት ቃል ብቻ ነበር። «ሞተሩ ሞተ» አለችኝና ስልኩን ዘጋችው።

ልጄ መካኒካል ምህንድስና የተማረችው እዚሁ ከተማችን ዩኒቨርሲቲ ነው። ሥራዋ የውድድር መኪና ሞተር መቃኘት ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ነዳጁን መቼና ምን ያህል እንደሚረጭ የሚወስንለት ትንሽ ኮምፒውተር አለው። እሷ ያንን ኮምፒውተር ታስተካክላለች። ለማስተካከል ግን መኪናው ሲሮጥ ሞተሩ ውስጥ የሚሆነውን ማየት ያስፈልጋል። ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ግፊት፣ ሙቀቱ፣ ዙሩ፣ ነዳጁ ከአየሩ ጋር ያለው ድርሻ፣ ሁሉም በሰከንድ ብዙ ጊዜ መመዝገብ አለበት። ይህን የሚመዘግብ ፕሮግራም ውጭ አገር ይሸጣል። የሚከፈለው በውጭ ባንክ ካርድ ነው፤ እሱ ደግሞ እኛ ዘንድ የለም።

ስለዚህ እኔ ጻፍኩላት።

ሃያ ስድስት ዓመት ሂሳብ አስተምሬያለሁ። ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት አርባን ካለፍኩ በኋላ በክረምት ሥልጠና ነው። አባቷ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኝ ስለነበር ተግቼ ተማርኩ። በዚያ ዕድሜ አእምሮዬን የከፈተልኝን አምላክ አመሰግናለሁ። ለልጄ ፕሮግራም ስምንት ወር ፈጀብኝ። «መዝጋቢው» ነው የምንለው። እሷ ትነዳለች፣ እኔ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ከጎኗ እቀመጣለሁ፤ ከከተማው ወጥተን በደጀን መንገድ ሜዳ ሜዳውን እንመላለሳለን። የድሮ ተማሪዎቼ በባጃጅ ሲያልፉን እየሳቁ፣ መምህርት ደግሞ ለመንጃ ፈቃድ ሊፈተኑ ነው ወይ ይሉኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። ከልጄ ጋር እንደዚያ ጊዜ ብዙ የተነጋገርንበት ዘመን አልነበረንም።

መኪናዋ የአንድ እህል ነጋዴ ናት። ትንሽ፣ አሮጌ የቤት መኪና ነበረች። ሰውየው ውድድር ይወዳል። ሞተሯን አስፈትቶ እንደ አዲስ ያስገጠማት በከተማው አንድ ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሽማግሌ ዘንድ ነው። ልጄ አባባ ነው የምትላቸው። ከልጅነታቸው ዲያቆን ነበሩ፤ የእጃቸው ሥራ የታወቀ ነው። ሴት ልጅ ሞተር ልትቃኝ መጣች ተብሎ ጋራዡ ሲስቅባት፣ ቦታ የለቀቁላት እሳቸው ብቻ ናቸው። «ኑ እዩ፣ እኔ በጆሮዬ የምሰማውን ይህች በዓይኗ ታየዋለች» ብለው የሚስቁትን አፍ አዘጉላት።

ነጋዴው በዚያ ሳምንት አዲስ አበባ አጠገብ ለሚደረግ ውድድር መኪናዋን ራሱ እየነዳ ሄደ። አባባ ሞተሩን እንዲሰሙለት አብረውት ተቀመጡ፤ መዝጋቢው ያለበት ላፕቶፕም እንደተሰካ አብሯቸው ሄደ። ደጀንን አልፈው አባይን ወረዱ። ድልድዩን ተሻግረው ዳገቱን ሲጀምሩ፣ ብዙም ሳይርቁ ሞተሩ ጮኸና ቆመ።

ረቡዕ ሲከፈት የአንዱ ፒስተን አናት ቀልጦ ተበስቶ ተገኘ።

ነጋዴው ወዲያው አባባን ያዘ። ከአዲስ አበባ ያስመጣኋቸውን ደህናዎቹን ፒስተኖች ሸጠው፣ አስመስሎ የተሠራ ከተቱብኝ አለ። የቀለጠ ብረት ምን እንደነበር ማን ያውቃል? ልጄ ከመኪናዋ የመጣውን መዝገብ ከፈተችው። ንጹሕ ነበር። ቁልቁለቱም ደህና፣ ድልድዩም ደህና፣ እስከ መጨረሻው መስመር ነዳጁ በልኩ ነበር። ሦስት ጊዜ አየችው። እኔም አየሁት።

ሐሙስ ሦስት ሽማግሌዎች በጋራዡ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። እኔንም አስጠሩኝ። ፕሮግራሙን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ምን እንደሚል እንድነግራቸው ነው። ሞተሩ እስኪቆም ድረስ ጤነኛ ነበር አልኳቸው። አንደኛው ሽማግሌ፣ መሣሪያው ሊሳሳት አይችልም ወይ ብለው ጠየቁኝ።

«አይዋሽም» አልኳቸው። «ያየውን ነው የሚጽፈው።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ሽማግሌዎቹ ነገሩ ግልጽ ሆነላቸው። ቅኝቱ ደህና ከነበረ ጥፋቱ ውስጥ ከተገጠመው ዕቃ ነው። እንደ አገሩ ልማድ ፍርዱ መሐላ ሆነ። አባባ ነገ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው፣ የተሰጣቸውን ፒስተን ራሱን እንደገጠሙ ይምላሉ። ከማሉ ነጋዴው ዳግመኛ ስማቸውን አያነሳም። ካልማሉ ግን ጥፋቱን እንዳመኑ ይቆጠራል፣ ከጋራዡም ይወጣሉ።

አባባ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ፣ «እኔ አልምልም» አሉ።

አንደኛው ሽማግሌ እውነት ከሆነ ምን ያስፈራዎታል አሏቸው።

«እውነት ስለሆነ ነው የማልምለው። በአባቴ ቤት ተምሎ አያውቅም። በጾም ቀን ደግሞ ለፒስተን ብዬ የአምላክን ስም አልጠራም።»

ለመኗቸው። እንቢ አሉ። ከዚያ ሌላኛው ሽማግሌ ነገሩን ሊያለዝቡ መሰለኝ፣ ሞተሩ ከመቆሙ በፊት ምንም ድምፅ አልሰሙም ወይ ብለው ጠየቁ። አባባ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ነካ ነካ አደረጉ።

«በረሃውን ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ። እስኪቆም ድረስ አልተከፈተልኝም።»

ነጋዴው ሳቀ። «እኔ ደግሞ የሞተር ሐኪም ብዬ ደንቆሮ ከጎኔ አስቀምጬ ሄጃለሁ!» አለ። ግቢው ሁሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ያን ፈገግታዬን ለንስሐ አባቴ ሳልነግር አላለፍኩም።

በባጃጅ ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ያ የተደፈነ ጆሮ አልለቀኝ አለ። አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር የእኔም ጆሮ አባይ ላይ ይደፈናል። የማይደፈንበት መንገደኛ የለም፤ ምራቁን ይውጣል፣ ያዛጋል፣ ዳገቱ ሲያልቅ ይከፈትለታል። ለምን እንደሚደፈን ለተማሪዎቼም አስረድቼ አውቃለሁ። እታች አየሩ ይከብዳል። የሚከብድ አየር ደግሞ ለሞተርም ይከብዳል። ስንት ይደርስ ይሆን ብዬ በልቤ ማስላት ጀመርኩ። ቁጥሩ ላይ ስደርስ ባጃጁን አስቁሜ ወረድኩ። ቀሪውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ፤ ለምን እንደወረድኩ አሁንም አላውቅም፤ ቤቴ ቶሎ ላለመድረስ ይሆናል።

ባለፈው ክረምት የግፊት መለኪያው ሽቦ ውስጥ ዝናብ ገብቶ ነበር። መለኪያው የማይሆን ቁጥር እየላከ ንባቡን ሁሉ አበላሸብን። ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ። የአየሩ ግፊት ከሰማንያ ኪሎፓስካል በላይ ከሆነ ሽቦው ረጥቧል ማለት ነው፤ ያንን ንባብ ሙሉ በሙሉ ጣለው የሚል። በእኛ ከተማ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ቢረገጥ እንኳ ከሰባ ስድስት አያልፍም። ሰማንያ የሚባል አየር አይቼ አላውቅም። ደጋ ተወልጄ፣ ደጋ ተምሬ፣ ደጋ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አየር ማለት የደብረ ማርቆስ አየር መሰለኝ።

አባይ ውስጥ፣ ዳገቱ ላይ ፔዳሉ ሲረገጥ ሰማንያ ስምንት ደርሶ ነበር።

የተጣሉት ንባቦች ላፕቶፑ ውስጥ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ማንም ከፍቷቸው አያውቅም። ከፈትኳቸው። ሞተሩ በጣም የደከመባቸው ደቂቃዎች በሙሉ እዚያ ነበሩ። መዝጋቢው ለልጄ ያሳያት ቀላል ቀላሉን ብቻ ነው፤ ቁልቁለቱን፣ ዝግ ያለውን መንገድ። ከባድ ከባዱን እኔ ባዘዝኩት መሠረት ጥሎታል። እዚያ ውስጥ አየሩ በዝቶ ነዳጁ አንሷል። ነዳጅ ያነሰው ሞተር ከልክ በላይ ስለሚግል ደርቆ ይቃጠል ነበር። ነዳጁ ያነሰውም በእኔው ምክንያት ነው። ልጄ ሞተሩን የቃኘችው መዝጋቢው በሰጣት ንባብ ነው፤ ከሰማንያ በላይ ምንም ንባብ ስለሌለው ፕሮግራሙ የመጨረሻውን የነዳጅ ልክ ገልብጦ ባዶውን ቦታ ሞልቶታል።

አባባ የገጠሙት ፒስተን ትክክለኛው ነበር።

ለጸሎት ቆምኩ። አቡነ ዘበሰማያትን ጀምሬ መካከል ላይ ተውኩት፤ እንደገና ጀመርኩ፣ እንደገና ጠፋኝ። በሽማግሌ ፊት በሐሰት መስክሬያለሁ። ሳላውቅ ነው ብል፣ ያን መስመር በእጄ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ከተናገርኩ ደግሞ የሚጠፋው የእኔ ስም ብቻ አይደለም። እኔ ጡረተኛ ነኝ። ነጋዴው፣ ልጄን ሥራው ከቀናት የጓደኞቹን ሦስት መኪና ሊሰጣት ቃል ገብቶላት ነበር። በዚህ ከተማ መኪና የምትቃኝ ሴት እሷ ብቻ ናት። ሞተር ያቃጠለች ከተባለች ሁለተኛ ዕድል የሚሰጣት የለም።

ልጄ መጣች። ምሳዋንም አልበላችም። አስቀምጬ ቁጥሮቹን አሳየኋት። ማስረዳት አላስፈለገኝም። ከሰማንያ በላይ ያለውን በጣቷ እየተከተለች እስከ ታች አነበበች። ከዚያ ላፕቶፑን በቀስታ ዘጋችው።

«ማን ያውቃል?» አለችኝ።

«እኔና አንቺ።»

«እማ፣ አባባ እኮ የገጠሙት ትክክለኛውን ነው። ቢምሉ ሐሰት አይሆንባቸውም። ይማሉና ይለቅ። ማንም አይጎዳም።»

«አይምሉም።»

«ለምኛቸዋ! አንቺን ይሰሙሻል።»

ልለምናቸው አስቤ ነበር። አልዋሽም፣ ከእሷ በፊት አስቤዋለሁ። የአባባን ደግነት ለራሴ ጥፋት መሸፈኛ ላደርገው ነበር።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኳት።

ተነሳች። በሩ ጋ ደርሳ ዞረች። ፊቷ የአባቷን ፊት መሰለኝ።

«ለእሳቸው አንቺ ቆምሽላቸው። ለእኔስ ማን ይቆምልኛል?»

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ራት ይዤላት ሄድኩ፤ አልከፈተችም። ሳህኑን ደጃፏ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። ፕሮግራሙን ከፍቼ ያንን መስመር ልሰርዘው ስል ተውኩት። እንዳለ ሊታይ ይገባዋል ብዬ ነው።

በማግስቱ ዓርብ ጎህ ሲቀድ ኪዳን አደረስኩ። ስመለስ ከልጄ ደጃፍ ያስቀመጥኩት ሳህን አልተነካም ነበር። ላፕቶፑን በነጠላዬ ሥር ይዤ አባባ ቤት ሄድኩ። መፍቻዎቻቸውን አንድ በአንድ እየጠረጉ በማዳበሪያ ከረጢት ይከቱ ነበር። ሊምሉ አልተዘጋጁም፤ ከጋራዡ ሊወጡ ነበር የተዘጋጁት። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ልጅቷ ታውቃለች?» አሉኝ።

«ታውቃለች።»

ከረጢቱን አነሳ አድርገው መልሰው አስቀመጡት። «ከባድ ነው፣ እቴ» አሉ። ስለ ከረጢቱ ይሁን ስለ ልጄ አልጠየቅኳቸውም።

አብረን በእግራችን ወረድን። ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደርሰው ይጠብቁ ነበር፤ ነጋዴውም መጥቷል። አባባ ወደ ጎን ቆሙ። እኔ የድንጋዩ አጥር ላይ ላፕቶፑን ከፈትኩና ነጋዴውን ጠጋ በል አልኩት። የጻፍኩትን መስመር በጣቴ ነክቼ፣ ሞተርህን ያቃጠለው ይህ ነው፣ የጻፍኩትም እኔ ነኝ፣ ትናንት ያልኩት ትክክል አልነበረም አልኩት። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሬ ለሽማግሌዎቹ እያንዳንዱን ቁጥር አነበብኩላቸው።