ግድግዳችን ላይ ያለችው ግመል

ከሰል ሲሰበር ድምፁን አልወደውም። ለምድጃ ሳሰናዳ ቀጭን ስባሪ ጣቶቼ መሃል የገባች እንደሆነ፣ እጄ ሳላዘው እንደ እርሳስ ይይዛታል። ያኔ እጥላታለሁ። ልጄ ታየኝና "እማ፣ አቃጠለሽ?" ትለኛለች። ያልተለኮሰ ከሰል ማንን ያቃጥላል? እኔን ያቃጥለኛል።

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ክረምት ነው፣ ትምህርት ተዘግቷል። የቆቦ ክረምት እንደ ደጋው አያንቀጠቅጥም፤ ዝናቡ ጥሎ ሲያልፍ ፀሐይዋ ተመልሳ ትፋጃለች፣ የራሰ አፈርና የማሽላ ቅጠል ሽታ ከየማሳው ይነሳል። እናቴ ገበያ ስትውል ታናሽ እህቴን የምጠብቃት እኔ ነበርኩ። ስድስት ዓመቷ ነው። እኔ ደግሞ መምህር ልሆን ቆርጬ ነበር፤ ሌላ ተማሪ ስላላገኘሁ እሷኑ ይዤ ሥዕል ማስተማር ጀመርኩ።

ሰሌዳችን የጓሮው ግድግዳ ነው። እናቴ ለአረፋ በጭቃና በእበት ለቅልቃው ገና አልተሰነጠቀም። ጥቁሩን ከሰል ይሰጠናል። ለቀዩ ደግሞ ቀይ ቀዩን በለስ መርጠን እንጨምቅና፣ ጫፉን ባኘክነው የማሽላ አገዳ እየነከርን እንቀባለን። እጃችን ለቀናት አይለቅም። እህቴ ዶሮ ስትስል ስድስት እግር ታወጣላታለች።

"ዶሮ ስንት እግር አላት?"

"ስትቆም ሁለት። ይቺ እየሮጠች ነው።"

አሁን ሳስበው ከእኔ በላይ የገባት እሷ ነበረች። ያኔ ግን አራቱን እግር በጭቃ እደፍንባታለሁ። "ያየሽውን ብቻ ሳዪ" የምትል ሕግ ነበረችኝ። አስተማሪ ነኝ ባይ!

ታላቅ ወንድማችን አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በሰው የሽንኩርት እርሻ ላይ በቀን ሥራ ይውልና፣ ማታ ማታ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ ይመጣል። ሳይታጠብ እህቴን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ግድግዳው ፊት ይቆማል፤ እሷም የቀኑን ሥዕል ታስጎበኘዋለች። አንድ ቀይ ሸሚዝ ነበረችው፤ አጥቦ እሷኑ፣ አጥቦ እሷኑ።

አንድ ሐሙስ ቀን ውኃ ልቀዳ ሄጄ ስመለስ፣ እህቴ ብቻዋን ትልቅ ነገር ስላ አገኘኋት። ሰፊና ጎድጓዳ፣ ከላዩ አራት ክብ ጭንቅላት ብቅ ብቅ ያለበት። ከሥሩ የተጥመለመለ መስመር። ከፊት ያለውን ሰው በበለስ ቀይ ቀብታዋለች።

"ይሄ ምንድነው? ገበቴ ነው?" ብዬ ሳቅኩባት። "ሰው ገበቴ ውስጥ ይቀመጣል እንዴ? ሊጥ ነው?"

"ገበቴ አይደለም፣ እትዬ።"

"ታዲያ ምንድነው?"

አፏን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ከደነችው። ዓይኗ ብቻ ይለምነኛል። እልህ መሰለኝ። "ያየሽውን ብቻ አላልኩሽም?" ብዬ ከሰሉን ቀማኋት። ለገበቴው አራት እግር አወጣሁለት፣ ረጅም አንገት ቀጠልኩለት፣ አራቱን ሰዎች ድፍን ጥቁር አድርጌ ጆንያ አደረግኋቸው። ከአፋር በኩል ጭነው የሚመጡትን ግመሎች በየገበያው እናያቸው የለ? ያየነው እሱን ነው።

"አበላሸሽው" አለችና አለቀሰች።

ማታ ወንድሜ መጥቶ ግድግዳው ፊት ቆመ። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ በዓይኑ ቆጠረ። ከዚያ ትንፋሹን ለቀቀና "ግመሏ ታምራለች" አለኝ። እህቴን ግንባሯን ሳማት። እኔ በምስጋናው ኮራሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ልትቀሰቅሰው ስትገባ መኝታው ባዶ ነበር። መንደሩን አሰሰች፣ መናኸሪያ ወረደች። ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር ደላላ ይዟቸው በአፋር በኩል ወደ ባሕሩ እንደወጡ የሰማነው ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ "አንድ ሰው እንዴት አይነግረኝም፣ ያ አላህ!" ስትል፣ እህቴ ከበሩ ጥግ ተነሳች።

"እኔ ተናግሬ ነበር" አለች። "'በአፍሽ ለማንም እንዳትናገሪ፣ ወላሂ በይ' አለኝ። ወላሂ አልኩ። በአፌ አልተናገርኩም።"

ወንድሜ ጀልባ ምን እንደሚመስል አመድ ላይ በጣቱ ስሎ አሳይቷት ኖሯል። እሷም መሐላዋን ሳታፈርስ ወንድሟን ልታስቀር፣ ያንኑ ጀልባ ግድግዳው ላይ ሳለችልኝ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እንላለን። የእሷስ ይበቃ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ነበረን። እናቴ ሰምታ ቢሆን ጡቷን አውጥታ ትለምነው ነበር፤ እምቢ ቢል ደጃፉ ላይ ትተኛበት ነበር። እኔ ግን ተማሪዬን እያረምኩ ነበር።

ከአራት ወር በኋላ አብሮት ከሄዱት አንዱ ከባሕር ማዶ ደወለ። እሱን ሌላ ጀልባ ነው ያሻገረው። የወንድሜ ተገልብጧል።

ሬሳ የሌለው ለቅሶ ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን እናቴ ከሰው መሃል ተነስታ እህቴን በእጇ ይዛ ጓሮ ወሰደቻት። ተከተልኳቸው።

"የቱ ነው እሱ?" አለቻት።

እህቴ ከፊት ያለውን ጆንያ አሳየቻት። ከሰሌ ሥር ትንሽ ቀይ ይታይ ነበር። እናቴ መዳፏን ለጠፈችበት። ስታነሳው እጇ ጠቁሮ ነበር።

መምህርም አልሆንኩ። እህቴም ከዚያ በኋላ ከሰል አልነካችም፤ ዛሬ ሮቢት ባሏ ጋ ናት፣ ልጆቿ እርሳስ ሲይዙ ተነስታ ትወጣለች። የእኔዋ ልጅ ስትስል እኔ አጠገቧ እቀመጥና "ይሄ ምንድነው?" እላታለሁ። ካልነገረችኝ አልነሳም።

እናቴ አሁንም በየአረፋው ግድግዳውን ትለቀልቃለች። እዚያች ቦታ ስትደርስ ዙሪያዋን ታልፋለች። የበለሱ ቀይ ፀሐይ በልቶት ካለቀ ቆየ። የቀረው የእኔ ከሰል ነው፣ አንገቱና አራቱ እግር።

ባለፈው ከጎብዬ የመጣች እንግዳ ጓሮ ወጥታ አየችው። "ማሻ አላህ፣ ግመሏ ስታምር! ማነው የሳላት?" አለች።

"ግመል አይደለም" አለች እናቴ። "ልጄ የሄደበት ጀልባ ነው።"

ወደ እኔ አላየችም። እንዲህ ስትል አንድም ቀን ወደ እኔ አይታ አታውቅም።